አንድ ኢሜይል ለምን ሶስቴ ይደርሳል? ለእድር ሊስት ጸሐፊ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂያችን አሜሪካ ውስጥ ያለ የአንድ እድር ጸሐፊ ናት፣ 300 ገደማ አባላት ያሉበት የኢሜይል ሊስት ታስተዳድራለች። የለቅሶ መልዕክት ሲላክ አንዳንዱ ጋር ሁለቴ፣ አንዳንዱ ጋር ሶስቴ ይደርሳል፣ ሌላው ደግሞ «እኔ ጋር አንድ ነው የመጣው» ይላል። ከዛ «ነፍስ ይማር» ሚለው መልስ ለሁሉም እየተላከ ኢንቦክስ ይሞላል። አንድ ትልቅ ሰው አንዱን መልዕክት ሶስት ጊዜ ልከው እሷ «እባካችሁ አትደጋግሙ» ብላ ለሁሉም ብትጽፍ ተቀየሟት። «ምን አይነት ደንብ ላውጣ?» ነው ምትለው።

እህቴ፣ ደንቡን ለጊዜው አቆዪው። እኔ ስራዬ የኢሜይል ሰርቨርና ሊስት ማስተዳደር ነው፣ እና በዚህ ስራ በጣም ሚያሳዝነኝ ሰዎች በማሽን ጥፋት ሲቀያየሙ ማየት ነው። መልዕክት ሲደጋገም መጀመሪያ ሚወቀሰው ላኪው ነው፣ ላኪው ግን ብዙ ጊዜ አንዴ ብቻ ነው የላከው፣ ሁለቴ የላከም ቢሆን እንዲደግም ያደረገው ነገር አለ። ስለዚህ ምርመራው ይቅደም፣ ከባድም አይደለም።

እያንዳንዱ ኢሜይል ሲላክ ሜሴጅ-አይዲ ሚባል መለያ ይሰጠዋል። መልዕክቱን ስትከፍቺ አይታይም፣ ሄደር ሚባለው፣ የላኪውና የመንገዱ መረጃ ሚጻፍበት ድብቅ ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ሆኖ መሃሉ ላይ የ@ ምልክት አለው። ሁለት ኮፒ ደረሰኝ ያለሽን አባል የሁለቱንም ሄደር እንዲልክልሽ ጠይቂው፤ ያሁ ላይ «ቪው ሮው ሜሴጅ» ነው ሚለው፣ ጂሜይል ላይ በኮምፒዩተር ከፍቶ ሶስቱን ነጥቦች ሲጫን «ሾው ኦሪጂናል» ሚል ይመጣለታል። ከዛ ሁለቱን ሜሴጅ-አይዲ ጎን ለጎን አድርገሽ አስተያዪ። አንድ አይነት ከሆኑ መልዕክቱ የተላከው አንዴ ነው፣ የተባዛው መንገድ ላይ ነው። ከተለያዩ ሰውየው በእርግጥ ደግሞ ልኳል። መለያውን በራሳቸው ሚቀይሩ አንዳንድ ሰርቨሮች ስላሉ «ዴት» ሚለውን መስመርም አብረሽ እዪ፣ ሰዓቱ እስከ ሰከንዱ አንድ ከሆነ መለያው ቢለያይም የተላከው አንዴ ነው ብለሽ መነሳት ትችያለሽ።

አንዱ «ሁለት መጣብኝ» ሌላው «አንድ ነው» ሚሉት ነገር ብዙ ቦታ ጭቅጭቅ ያስነሳል፣ ግን ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጂሜይል ሜሴጅ-አይዲያቸው አንድ የሆነ ሁለት ኮፒ ሲደርሰው አንዱን ብቻ ነው ሚያሳየው። ሌላ ሜይል ሚጠቀመው አባል ግን ሁለቱንም ያያል። ስለዚህ አንቺ ራስሽ ጂሜይል ላይ ከሆንሽ የአባላቱን ችግር በአይንሽ ላታዪው ትችያለሽ፣ ያሁ ወይ ሌላ ቦታ አንድ የሙከራ አድራሻ ክፈቺና ሊስቱ ላይ መዝግቢው፣ ከዛ በኋላ እነሱ ሚያዩትን ታያለሽ።

አሁን መለያው አንድ የሆነውን እንይ። በጣም የተለመደው ምክንያት ሪፕላይ ኦል ነው። አንድ ሰው ሪፕላይ ኦል ሲል የመጀመሪያው ላኪ «ቱ» ላይ ይገባል፣ ሊስቱ ደግሞ «ሲሲ» ላይ፤ ስለዚህ ያ ላኪ መልሱን አንዱን በቀጥታ አንዱን በሊስቱ በኩል ያገኛል። ውይይቱ በቀጠለ ቁጥር ስሙ ሲሲ ላይ ሚጨመረው ሰው ይበዛል፣ ሁሉም ድርብ ድርብ ይደርሳቸዋል። ሊስታችሁ ሜይልማን ሚባለው የሊስት ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ላይ ከሆነ ለዚህ የተሰራ ምርጫ አለ፤ የአባሉ አድራሻ ቱ ወይ ሲሲ ላይ ካለ ሊስቱ የራሱን ኮፒ አይልክለትም። ሚያየው ግን የተጻፈውን አድራሻ ብቻ ነው፣ ቢሲሲ (ለሌሎች ማይታየው ኮፒ) ላይ ያለን ሰው ማየት አይችልም፣ እድሩ ውስጥ በሌላ አድራሻው የተመዘገበውንም አያውቀውም። ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ በቀጥታ የደረሰው ኮፒ ላይ ሊስት-አይዲ ሚባለው መስመር ስለማይኖር «የእድሩን መልዕክት ሁሉ እዚህ ፎልደር አስገባልኝ» ብሎ በዛ መስመር ፊልተር የሰራ አባል ግማሹን ውይይት ፎልደሩ ውስጥ ግማሹን ኢንቦክሱ ውስጥ ያገኘዋል። ለናንተ አይነት ሊስት ምርጫው ክፍት ይሁን እላለሁ፣ ፊልተር ሚሰራው አባል ለራሱ ሊያጠፋው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ምዝገባው ነው፣ እድር ላይ ደግሞ ይሄ ይብሳል። ሰውየው ዱሮ በያሁ ተመዝግቧል፣ በኋላ ጂሜይል ከፍቶ በሱም ተመዘገበ፣ ያሁውን ደግሞ ወደ ጂሜይሉ ፎርዋርድ አድርጎታል፣ ባለቤቱም ተመዝግባ ሁለቱም አንድ ስልክ ላይ ነው ሚያዩት። ወይ ደግሞ የኮሚቴው ሊስት ራሱ እንደ አንድ አባል ትልቁ ሊስት ውስጥ ገብቷል፣ ስለዚህ ኮሚቴው በሙሉ ሁልጊዜ ሁለት ያገኛል። የአባላት ዝርዝሩን አውርደሽ በአድራሻ ሳይሆን በሰው ስም ደርድሪው፣ አንድ ስም ሁለት ቦታ ካለ ለባለቤቱ ደውለሽ የቱን እንደሚጠቀም ጠይቂው። ሳትጠይቂ እንዳታጠፊ፣ ያጠፋሽው እሱ ሚከፍተው ሊሆን ይችላልና ለቅሶ ሳይሰማ ይቀራል።

ሶስተኛው ሰርቨሮቹ መሃል ሚፈጠር ነው፣ ብዙ አይደለም ግን ሲመጣ ግራ ያጋባል። ላኪ ሰርቨር መልዕክቱን አስረክቦ ሲጨርስ ተቀባዩ «ተቀብያለሁ» እስኪለው ይጠብቃል። ተቀባዩ በዛች ሰዓት ቫይረስ ሲፈትሽ ወይ ትልቅ አታችመንት ሲያገላብጥ ከቆየ ላኪው መጠበቅ ሰልችቶት መስመሩን ይዘጋል፣ አልደረሰም ብሎም በኋላ እንደገና ይልካል፣ ተቀባዩ ግን የመጀመሪያውንም አስገብቶታል። ይሄ በጣም የቆየ ችግር ነው፣ ክሬግ ፓርትሪጅ በ1988 (አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) አርኤፍሲ (የኢንተርኔት አሰራር ሚጻፍባቸው ሰነዶች መጠሪያ ነው) 1047 ላይ ስለዚሁ ብቻ ጽፎበታል፣ አሁን ምንሰራበት የ2008ቱ አርኤፍሲ 5321ም ላኪው በዛች ቦታ ላይ 10 ደቂቃ እንዲታገስ ይመክራል። ምልክቱ ምንድነው፣ ሜሴጅ-አይዲው አንድ ነው፣ ሄደሩ ውስጥ «ሪሲቭድ» ሚሉት መስመሮች ላይ ያለው ሰዓት ግን በደቂቃዎች ወይ ከዛ በላይ ይራራቃል፣ ተደጋገመብኝ ሚሉትም አባላት ባንድ መስሪያ ቤት ወይ ባንድ አይነት ሜይል ላይ ያሉት ብቻ ይሆናሉ። ይሄን አንቺ አታስተካክይውም፣ ለሰርቨሩ ባለቤት ሄደሩን ላኪለት። አንቺ ማድረግ ምትችይው የሟቹን ፎቶና የቀብር ፕሮግራሙን ስካን በትልቁ ከማያያዝ ጽሁፉን እዛው መልዕክቱ ላይ መጻፍ ነው፣ ስልኩ ላይ ፒዲኤፍ መክፈት ለሚቸግራቸው አባቶችና እናቶችም ይሻላል።

አሁን ወደ ትልቁ ሰውዬ ልምጣ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ልቤን የነካኝ እሱ ስለሆነ። መለያዎቹ ሶስት አይነት ከሆኑ በእርግጥ ሶስቴ ልከዋል። ለምን? ሶስት ነገር ጠርጥሪ።

ጂሜይል ሚጠቀሙ ከሆነ ሊስቱ ላይ የላኩት መልዕክት ተመልሶ ኢንቦክሳቸው ውስጥ አይመጣላቸውም። ምክንያቱ ቅድም ያልኩት ነው፣ «ሴንት» ውስጥ ያለውና ከሊስቱ ሚመለሰው መለያቸው አንድ ነውና ጂሜይል ሁለተኛውን አያሳይም። የሌላ ሰው መልዕክት ሁሉ ሲመጣ አይተው የሳቸው ብቻ ሳይመጣ ሲቀር «አልሄደም» ብለው ቢደግሙት ምን ይፈረድባቸዋል? ሜይልማን ላይ መልዕክትህ ሊስቱ ላይ ወጥቷል ብሎ ለላኪው አጭር ማረጋገጫ ሚልክ ምርጫ አለ፣ ለሳቸው አብሪላቸው። ሊስታችሁ ይሄ ከሌለው አንቺው በመጀመሪያው ላይ «ጋሼ መልዕክቶ ደርሶናል» ብለሽ ለሳቸው ብቻ አንድ መስመር ጻፊ፣ ያቺ መስመር ሁለተኛውንና ሶስተኛውን ታስቀራለች።

ሁለተኛው ሞደሬሽን ነው። ካልተመዘገበ አድራሻ ልከው ከሆነ፣ ለምሳሌ ከልጃቸው ስልክ፣ መልዕክቱ ተይዞ ያንቺን ፈቃድ ይጠብቃል። እሳቸው አልወጣም ብለው ይደግማሉ፣ አንቺ ማታ ገብተሽ ሶስቱንም «አክሴፕት» ትያለሽ፣ በቃ ሶስቴ ወጣ። ስለዚህ ከማጽደቅሽ በፊት የተያዙትን ሁሉ ተመልከቺ፣ አንዱን አሳልፊ፣ ሌሎቹን ደግሞ «ሪጀክት» ሳይሆን «ዲስካርድ» በያቸው። ሪጀክት ካልሽ መልዕክትዎ ተቀባይነት አላገኘም ሚል ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፣ ለቅሶ ለነገረ ሰው እንደዛ አይነት ደብዳቤ አይላክም። ዲስካርድ ያለምንም ወሬ ያነሳዋል።

ሶስተኛውን ብዙ ጸሐፊዎች አያውቁትም፣ ግን ምክንያቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሰውዬው ያሁ ሚጠቀሙ ከሆነ መልዕክታቸው ለተወሰኑ አባላት ጭራሽ ላይደርስ ይችላል። ያሁ በ2014 ኤፕሪል ላይ «በኔ ስም ተጽፎ ከኔ መምጣቱ ካልተረጋገጠ አትቀበሉት» ሚል ጥብቅ የዲማርክ ፖሊሲ አወጣ፣ ኤኦኤልም ተከተለው። ሊስት ደግሞ ርዕሱ ላይ የእድሩን ስም ሲጨምር፣ ከስር ፉተር ሲለጥፍ፣ የያሁን ዲጂታል ፊርማ ይሰብረዋል፣ ስለዚህ ጥንቃቄ ሚያደርጉ ተቀባይ ሰርቨሮች ሁሉ መልዕክቱን ይመልሱታል። እና ምን ይሆናል? ግማሹ አባል ደርሶታል ግማሹ አልደረሰውም፣ ያልደረሰው ደውሎ «ጋሼ ምንም አላየሁም፣ እስኪ እንደገና ይላኩት» ይላቸዋል፣ እሳቸው ለሰው አክብሮት ብለው ይደግማሉ፣ የመጀመሪያው የደረሰው ሰው ሁለተኛ ሲመጣበት ይናደዳል። ሰውዬው ጥፋት የለባቸውም! መፍትሄው ሴቲንግ ላይ ነው፦ ሜይልማን ከ2014 ጀምሮ እንዲህ አይነት ላኪ ሲያጋጥመው «ፍሮም» ላይ የሊስቱን አድራሻ አስገብቶ የሰውዬውን ስም ከጎኑ ሚያቆይ ምርጫ አለው፣ ጉግል ግሩፕስ ይሄን በራሱ ይሰራል። ሜይልማናችሁ ከዛ በፊት የተጫነ ከሆነ አሳድሱት፤ ሜይልማን ቨርዥን 2.1 ላይ ከሆናችሁ ደግሞ እሱ የተሰራበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተን 2፣ ድጋፉ በ2020 መጀመሪያ ላይ ስላበቃ ወደ ሜይልማን 3 መዛወሩን አስቡበት።

ከነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሆነ ካወቅሽ በኋላ ለሰውዬው ደውዪላቸው። በኢሜይል አትጻፊ፣ ሊስቱ ላይማ ፈጽሞ። በ1995 የወጣው አርኤፍሲ 1855 ሚባለው የኢንተርኔት ስነምግባር መመሪያ ከአንድ ሰው ጋር ያለ አለመግባባት ሊስቱ ላይ እንዳይቀጥል፣ በግል እንዲጨረስ ይመክራል፣ ስሜት ያለበት መልስ ደግሞ አድሮ ይላክ ይላል። ለሁሉም በጅምላ ሚጻፍ ማሳሰቢያ ስም ባይጠራም ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ስለዚህ ሰውዬው በ300 ሰው ፊት እንደተገሰጹ ነው ሚሰማቸው፣ ቢቀየሙ አይገርመኝም። «ጋሼ፣ ችግሩ ከርሶ አልነበረም፣ ሊስቱ ነው፣ አስተካክለነዋል» በያቸው፣ እውነትም እንደዛ ሆኖ ታገኚዋለሽ ብዬ እገምታለሁ።

«ነፍስ ይማር» ላይ ግን የምር ውሳኔ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቁልፉ መልስ ወዴት ይሂድ ሚለው ሴቲንግ ነው፣ ሪፕላይ-ቱ ሚባለው። ወይ ወደ ሊስቱ ይሄዳል ወይ ወደ ላኪው። ሊስት አስተዳዳሪዎች በዚህ ለአመታት ተከራክረዋል፣ ለውይይት ብቻ ለተቋቋመ ሊስት ወደ ሊስቱ ይሁን ሚሉት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ለእድር ግን እኔ ያለ ምንም ማመንታት ወደ ላኪው ይሁን እላለሁ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። ለሁሉም ሊላክ የነበረ መልስ ለአንድ ሰው ብቻ ከሄደ ደግሞ መላክ ነው፣ አለቀ። ለአንድ ሰው ሚስጥር ተብሎ የተጻፈ፣ ስለ ገንዘብ ችግር፣ ስለ ህመም፣ ስለ ቤተሰብ ጠብ፣ 300 ሰው ጋር ከሄደ ግን ሚመልሰው የለም፣ ጂሜይል ላይ ያለው የላኩትን መመለሻ («Undo Send») እንኳን ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው ሚቆየው።

ግን እኮ ሰዉ «ነፍስ ይማር» ለሁሉም ሚልከው እንዲያው አይደለም። እኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ መታየት ትልቅ ነገር ነው፣ ቤተሰቡ ማን መጣ ማን ቀረ ያስታውሳል፣ ርቆ ያለ ሰው ደግሞ በሊስቱ ካልታየ የቀረ ነው ሚመስለው። ስለዚህ «ለሁሉም አትላኩ» ብቻ ብሎ መከልከል አይሰራም፣ መታያ ቦታ መስጠት አለብሽ። እንዲህ አድርጊ፦ የለቅሶው መልዕክት ላይ «ማጽናኛችሁን ለኔ ላኩ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሁላችሁንም ስም ከነቃላችሁ ሰብስቤ ለቤተሰቡና ለሊስቱ ባንድ ላይ እልካለሁ» ብለሽ ጻፊ። በርግጥ ስራ ይጨምርብሻል፣ ከኮሚቴው አንድ ሰው ያግዝሽ። ቤተሰቡ ግን በሀዘን መሃል 80 ኢሜይል ከሚከፍት አንድ ቦታ የሁሉንም ስም ቢያገኝ፣ አትሞ ቢያስቀምጠው፣ በጣም ነው ሚያጽናናው።

ነገሩ ከእጅ ከወጣ ደግሞ፣ ማለትም አንዱ ለሁሉም መለሰ፣ ሌላው «ለሁሉም አትመልሱ» ብሎ ለሁሉም መለሰ፣ ሌላው «ከሊስቱ አውጡኝ» አለ፣ አንቺም ገብተሽ አትለምኚ፣ መልዕክትሽ እሳቱ ላይ ሚጨመር እንጨት ነው ሚሆነው። በ1997 ማይክሮሶፍት ውስጥ ቤድላም ዲኤል3 ሚባል የውስጥ ሊስት ላይ አንድ ሰው ለምን እዚህ ሊስት ላይ አለሁ ብሎ ጠየቀ፣ ሌሎቹ «እኔንም» እያሉ ለሁሉም መለሱ፣ የድርጅቱ ሜይል ተጨናነቀ። በ2016 ኖቬምበር ላይ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ውስጥ አንድ የሙከራ መልዕክት ከ800 ሺህ በላይ ሰራተኛ ጋር ሄዶ ተመሳሳይ ነገር ሆነ፣ እዛም ለሁሉም መልስ አትስጡ እያሉ ለሁሉም የመለሱ ሰዎች ናቸው ያባባሱት። ስለዚህ በዝምታ ገብተሽ ሊስቱን ሙሉ በሙሉ ሞደሬሽን ላይ አድርጊው፣ ሜይልማን ላይ ለዚሁ «ኢመርጀንሲ» ሚል ምርጫ አለ፣ የተያዘውን አንብበሽ ሚያስፈልገውን ብቻ አሳልፊ፣ ሲበርድ ክፈቺው። «አውጡኝ» ያሉትን አንድ በአንድ አንቺው አውጪላቸው፣ መውጫውን ከስር ያለው ፉተር ላይ በአማርኛ ጻፊ፤ መውጫ ያጣ ሰው «ስፓም» ሚለውን ይጫናል፣ እሱ ሲበዛ ደግሞ የሌላውም አባል መልዕክት ስፓም ፎልደር ውስጥ መግባት ይጀምራል።

እረፍት ላይ ነኝ ሚል አውቶማቲክ መልስ ያበራ አባልም ይኖራል። በደንብ የተሰራ ፕሮግራም ለሊስት መልዕክት እንደዛ አይመልስም፣ ሁሉም ግን በደንብ አልተሰራም። አንዱ ሊስቱ ላይ እየመለሰ ካየሽ ከእረፍቱ እስኪመለስ ድረስ ሊስቱ ለሱ መላኩን ብቻ አቁሚው፣ ከአባልነት አታስወጪው።

ዳይጀስት ሚቀበሉ አባላት፣ የቀኑን መልዕክት ባንድ ላይ ሚደርሳቸው ማለቴ ነው፣ ሪፕላይ ሲሉ የቀኑ ጥቅል በሙሉ ከመልሳቸው ስር ተያይዞ ይወጣል፣ ርዕሱም የዳይጀስቱ ቁጥር ነው ሚሆነው፤ ሌላው አባል ትናንት ያነበበውን ሁሉ ደግሞ ያገኛል ማለት ነው። እነሱን ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፣ ርዕሱን ወደ ጉዳዩ ይቀይሩ፣ ከስር ያለውን ይቁረጡ። ለሌላውም አባል፣ አዲስ ወሬ ሲኖር አሮጌ መልዕክት ላይ ሪፕላይ ብሎ ርዕስ መቀየር አይሁን፣ ሄደሩ ውስጥ የድሮው መልዕክት መለያ ስለሚቀር አንዳንዱ ሰው ጋር አዲሱ ለቅሶ ካለፈው ወር የመዋጮ ውይይት ስር ተደብቆ ይገባል። አዲስ ጉዳይ በአዲስ መልዕክት ይጻፍ።

ደንብ አውጪ ካልሽኝ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ማሽኑ ማያስተካክለውን ብቻ ነው ምጽፈው፣ ሚከተለውን ከወደድሽው ወስደሽ ቀይሪው፦ «ውድ የእድራችን አባላት፣ መልዕክት ልካችሁ ኢንቦክሳችሁ ውስጥ ካላያችሁት አትደግሙት፣ ለጸሐፊዋ ደውሉ። ማጽናኛ ለጸሐፊዋ ይላክ፣ ማታ ባንድ ላይ ይወጣል። ለአዲስ ጉዳይ አዲስ መልዕክት ጻፉ። ሁለት አድራሻ ያላችሁ የምትጠቀሙበትን ንገሩን።» ከዚህ አይርዘም፣ ረጅም ደንብ አይነበብም፣ ለቅሶ በሌለበት ሳምንት ላኪው እንጂ ሀዘን ላይ ላለ ቤተሰብ ተከትሎ እንዳይወጣ።

የአባላት ዝርዝሩን ካጸዳሽ፣ የመልስ አቅጣጫውን ከቀየርሽና የያሁ ላኪዎችን ጉዳይ ካስተካከልሽ በኋላም አሁንም ሚደጋገምበት አባል ካለ የሁለቱን ኮፒ «ሪሲቭድ» መስመሮችና ሜሴጅ-አይዲውን ላኪልኝ፣ የሰዎቹን አድራሻና የሟቹን ስም አጥፊበት። ሊስቱ ሜይልማን ላይ ይሁን ጉግል ግሩፕስ ላይ አልነገርሽኝም፣ እሱንም ጨምሪበት።